የብርሃኑ ሊቅ እንጀራ፦ ኢብኑል ሀይሠም እና የመጀመሪያ ሥራ



የምረቃ ወቅት እየተቃረበ ነው። በዚህ ሰሞን ከጁምዓ ሶላት መልስ የተመራቂዎቻችን ወሬ ሁሉ ስለ መውጫ ፈተና፣ ስለ ጋዋን እና ስለ ፎቶ ቀጠሮ ነው። ወሬው ሲቀዘቅዝ ግን አንድ ጥያቄ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል፤ ከዚያስ? ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ወይም ሒሳብ ለምናጠና ተማሪዎች ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ነርስ ጤና ጣቢያ፣ የሕግ ባለሙያ ፍርድ ቤት እንደሚሠራ ቤተሰብ ያውቃል። ፊዚክስ ያጠና ልጅ የት እንደሚሠራ ግን እናቶቻችን ሲጠይቁን መልሳችን አጭር አይደለም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው አብዛኛው ክፍት የሥራ ቦታ የሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ ይጠይቃል። ዜሮ ዓመት የሚል የተገኘ ዕለት ደግሞ ሰልፉ አያድርስ ነው። ለዓመታት ቀለብና ትራንስፖርት ሲልክ ለኖረ ቤተሰብ ዲግሪ ይዞ ባዶ እጅ መግባት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ በዚህ እትም የታላላቅ ሰዎች ዓምዳችን፣ ስማቸውን ሁላችንም የምናውቀውን፣ እንጀራቸውን በምን እንዳገኙ ግን እምብዛም የማናወራላቸውን ሰው ልናነሳ ወደድን። እኚህ ሰው አቡ ዐሊይ አል-ሐሰን ኢብኑል ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም ናቸው፤ በፊዚክስ መጻሕፍት አልሃዘን እየተባሉ የሚጠሩት። ስለ ብርሃንና ስለ እይታ ሲነሳ የእርሳቸው ስም ይቀድማል። የሥራ ታሪካቸው ግን እንደ ዕውቀታቸው የሰመረ አልነበረም። የተጠሩበት ትልቅ ሥራ አልሆነላቸውም። ቀጥሎ የተሰጣቸው ወንበር ለሕይወታቸው የሚያሰጋ ነበር። እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ የመገባቸው ብዙ ሰው ትልቅ የማይለው ሥራ ነው።

የበስራው ወጣት

ኢብኑል ሀይሠም በ354 ዓመተ ሂጅራ (በ965 እ.ኤ.አ.) ገደማ በደቡብ ኢራቅ፣ በበስራ ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ ለኢልም ፈላጊ የተመቸ ነበር። የዩክሊድ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ፣ አል-መጅስጢ የተባለው የቶለሚ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ፣ የአርስቶትል ሥራዎች ሁሉ እርሳቸው ከመወለዳቸው ብዙ አስቀድሞ ወደ ዐረብኛ ተመልሰው ነበር። የበስራ ወጣት የግሪኮችን ሒሳብ በገዛ ቋንቋው ማንበብ ይችል ነበር።

የሚነበብ ሞልቷል፤ የሚቀጥር ግን ጥቂት ነው። ዛሬ እንደምናውቀው ያለ የምርምር ተቋም ወይም ላቦራቶሪ አልነበረም። ሒሳብና ሥነ ፈለክ የተማረ ሰው ሊያንኳኳቸው የሚችላቸው በሮች የተቆጠሩ ነበሩ፦ የገዥ ቤት፣ ዲዋን የሚባለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት፣ ሕክምና፣ ማስተማር ወይም መጽሐፍ መገልበጥ። የእኛ ጭንቀት ስሙ ተለውጦ እንጂ ያኔም ነበር ማለት ነው።

የሐኪሞችን ታሪክ የጻፉት ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ እንደዘገቡት ኢብኑል ሀይሠም በበስራ ሳሉ የመንግሥት ሹመት ነበራቸው። ልባቸው ግን ከመጽሐፍ አልወጣ አለ። ወንበሩ ክብር ነበረው፤ ለማሰብ የሚሆን ጊዜ ግን አልነበረውም። በመጨረሻም ሹመቱን ጥለው ወጡ። ለዕውቀት ብሎ የተረጋገጠ ደመወዝ መተው ሲወራ ደስ ይላል፤ በማግስቱ ግን ሰው ምሳ መብላት አለበት።

ሳያዩ የተነገረ ተስፋ

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ በዋነኛነት የምናገኘው ከጠቢባን ታሪክ ጸሐፊው ከኢብን አል-ቂፍጢ ነው። በዚያን ጊዜ ግብፅን የሚገዛው የፋጢሚያው ኸሊፋ አል-ሓኪም ነበር። የግብፅ ሕይወት በናይል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ውሃው በየዓመቱ በበጋቸው ወራት ይሞላል፣ ከዚያም ይጎድላል። ከልክ በላይ ሲሞላ መንደር ያጥለቀልቃል፤ ከልክ በታች ሲሆን ረሃብ ይገባል። ለዚህም ሲባል በካይሮ አጠገብ በረውዳ ደሴት ላይ የውሃውን ከፍታ የሚለካ ሚቅያስ ተሠርቶ ነበር።

ያ ሙላት ከየት እንደሚመጣ እኛ ኢትዮጵያውያን አሳምረን እናውቃለን። በክረምት በደጋችን ላይ የሚወርደው ዝናብ በአባይና በተከዜ ተጉዞ ነው ግብፅ የሚደርሰው። ኢብኑል ሀይሠም ሊገሩት ያሰቡት ውሃ አብዛኛው ከእኛ ተራሮች የወረደ ነበር።

እርሳቸው ግን ወንዙን አላዩትም ነበር። ውሃው በግብፅ ደቡባዊ ጫፍ ከከፍታ ቦታ እንደሚወርድ በወሬ ሰምተዋል። ከዚህ ወሬና ከጂኦሜትሪ ዕውቀታቸው ተነሥተው፣ ግብፅ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ናይል ሲሞላም ሲጎድልም ሕዝቡ የሚጠቀምበትን ሥራ ይሠሩ እንደነበር ተናገሩ። ይህ ንግግር ካይሮ ደርሶ አል-ሓኪም ጆሮ ገባ። ገዥውም ገንዘብ ልኮ አስመጣቸው። ሊደርሱም ሲሉ ከከተማው ውጭ አል-ኸንደቅ እስከምትባል መንደር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው።

ነገሩን በዛሬ ዓይን እንየው። ሥራ የሚፈልግ የሳይንስ ሰው ማመልከቻ ሳያስገባ ተጠራ። ቀጣሪው ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። ገንዘብ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ የአንድ አገር ሕዝብም ከሥራው ይጠቀማል። ከእኛ መካከል ይህን የማይመኝ ማን ነው?

አስዋን ላይ

ኢብኑል ሀይሠም ግንበኞችንና ሠራተኞችን ይዘው በናይል ዳር ወደ ደቡብ ተጓዙ። በመንገዳቸው ላይ የጥንት ግብፃውያንን ሕንፃዎች አዩ። የድንጋዩ አቆራረጥ፣ የመስመሩ ቀጥታ፣ የልኬቱ ጥራት ጂኦሜትሪ ለሚያውቅ ሰው የሚያስደንቅ ነበር። በዚያው ቅጽበት ግን ሌላ ሐሳብ መጣባቸው። እነዚህ ሰዎች ይህን ያህል ጥበብና ጉልበት ከነበራቸው፣ ወንዙን መግታት የሚቻል ቢሆን ኖሮ ቀድመው ይሠሩት አልነበረም?

ከአስዋን በስተደቡብ አል-ጀናዲል ወደሚባለው፣ ውሃው በጥቁር ዓለት መካከል እየተከፋፈለ ወደሚወርድበት ቦታ ደረሱ። ቦታውን ከዚህም ከዚያም ሆነው መረመሩት። በበስራ ሆነው እንዳሰቡት አልነበረም። በነበራቸው መሣሪያና ጉልበት የሚቻል ሥራ እንዳልሆነ ተረዱ።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ሥራውን ጀምሮ ገንዘቡን እየበሉ ዓመታት ማራዘም ነው። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት በየትም ዘመን ሞልቷል። ሁለተኛው ተመልሶ አልችልም ማለት ነው፤ ያውም ሰው በመግደል በሚታወቅ ገዥ ፊት። ኢብኑል ሀይሠም ሁለተኛውን መረጡ። አፍረው ተመለሱ፤ ይቅርታም ጠየቁ።

ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ እንዳልነበር ታሪክ አሳይቷል። እዚያው አስዋን ላይ በ1902 እ.ኤ.አ. ግድብ ተሠራ፤ ትልቁ የአስዋን ግድብም በ1970 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ነገር ግን ሲሚንቶ፣ ብረትና ማሽን እስኪመጣ ድረስ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ መጠበቅ ነበረበት። ሰውየው የተሳሳቱት በሐሳቡ ሳይሆን ሳያዩና ሳይለኩ ቃል በመግባታቸው ነበር።

አደገኛው ወንበር

አል-ሓኪም ይቅርታውን የተቀበለ መሰለ። በዲዋንም ሥራ ሰጣቸው። ኢብኑል ሀይሠም የተቀበሉት ወደውት ሳይሆን ፈርተው ነበር። ከ996 እስከ 1021 እ.ኤ.አ. የገዛው ይህ ሰው ትእዛዙ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ነበር። ሚኒስትሮቹንና ሹማምንቱን በተደጋጋሚ አስገድሏል። ዲዋኑ ውስጥ መቀመጥ ተራን መጠበቅ ማለት ነበር። እምቢ ማለትም አደጋ ነበረው።

የታሪክ ጸሐፊው እንደሚሉት መውጫ ያጡት ሊቅ እንደ አበደ ሰው ሆኑ። ንብረታቸው ተወረሰ፣ ጠባቂ ተመደበባቸው፣ ከቤታቸውም እንዳይወጡ ተደረገ። ይህም አል-ሓኪም እስከሞተበት ድረስ ቀጠለ። በ1021 እ.ኤ.አ. ገዥው አንድ ሌሊት ካይሮ አጠገብ ወዳለው ወደ ሙቀጠም ኮረብታ እንደወጣ ቀረ። ከዚህ በኋላ ነበር ኢብኑል ሀይሠም ጤነኛ መሆናቸውን የገለጹት። ንብረታቸው ተመለሰላቸው፤ ራሳቸውም ነፃ ወጡ።

ይህን የምንተርከው መንገዱን እንድንከተለው አይደለም። ሰው ሕይወቱን ለማዳን ሲጨንቀው ያደረገው ነው። እኛን የሚመለከተን፣ ከውጭ ሲታይ ጥሩ የተባለ ወንበር ከውስጥ ሰውን የሚያጠፋ ሊሆን መቻሉ ነው።

መብራት፣ ቀዳዳና ግድግዳ

የሊቁ ትልቁ ሥራ ኪታብ አል-መናዚር ይባላል፤ ሰባት ክፍሎች ያሉት ስለ ብርሃንና ስለ እይታ የሚያትት መጽሐፍ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ከ1011 እስከ 1021 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተጻፈ ይገምታሉ። ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ መጽሐፉ የተጻፈው የዓለም በር በተዘጋባቸው በእነዚያ የጭንቅ ዓመታት ነው።

ከእርሳቸው በፊት ዩክሊድና ቶለሚ፣ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ዕቃውን ስለሚነካ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ይህን አልተቀበሉም። ኃይለኛ ብርሃን ስናይ ዓይናችንን ያመናል፤ ፀሐይን ያየ ሰው ዓይኑን ከመለሰ በኋላም ምስሉ ይቆይበታል። ጨረሩ ከእኛ የሚወጣ ቢሆን ለምን ያመናል? ስለዚህ ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን ይመጣል እንጂ ከዓይን አይወጣም አሉ።

ማስረጃቸውንም በሙከራ አጸኑ። ጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ውጭ ብዙ መብራቶች በተለያየ ቦታ ይቀመጣሉ። በክፍሉ ውስጥ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ በመብራቶቹ ቁጥር ልክ የብርሃን ነጠብጣቦች ይታያሉ። አንዱን መብራት ስንጋርደው የእርሱ ነጠብጣብ ብቻ ይጠፋል፤ ስንገልጠው ይመለሳል። ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል፤ ከብዙ ቦታ መጥቶ በአንድ ቀዳዳ ሲያልፍም አይደባለቅም። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው መብራት፣ ቀዳዳና ግድግዳ ነበር። ላቦራቶሪ ስላልተሟላልን ምንም መሥራት አንችልም የምንል ተማሪዎች ይህችን ክፍል ደጋግመን ብናስባት ይጠቅመናል።

በቶለሚ ላይ ጥርጣሬዎቻቸውን ባሰፈሩበት ሌላ መጽሐፋቸው ደግሞ፣ እውነትን የሚፈልግ ሰው የቀደምት ሊቃውንትን ቃል እንዳለ እንዳይውጥ፣ ያነበበውን ሁሉ እንዲሞግት፣ ራሱንም እንዲጠረጥር ይመክራሉ። ራስን መጠርጠር የሚለውን የመከሩን፣ ወንዝ ሳያዩ ቃል ገብተው ያፈሩ ሰው ናቸው።

150 ዲናር

ነፃ ከወጡ በኋላ ሊቁ በአል-አዝሀር መስጂድ በር አጠገብ ባለች ትንሽ ማደሪያ ኖሩ። ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሱም። ታዲያ በምን በሉ?

ኢብን አል-ቂፍጢ እንደዘገቡት በየዓመቱ ሦስት ነገሮችን ይገለብጡ ነበር። አንደኛው የዩክሊድ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ተማሪዎች ከዩክሊድ በኋላና ከቶለሚ በፊት የሚያነቧቸው መካከለኛ የሚባሉት መጻሕፍት ናቸው። ሦስተኛው አል-መጅስጢ ነው። ለእነዚህ ቅጂዎች 150 የግብፅ ዲናር ይከፈላቸው ነበር። ዋጋው የታወቀ ነው፤ ክርክር የለም፣ ቅናሽ የለም። የዓመቱ ቀለባቸው ይኸው ነበር።

ይህ ክፍያ ትንሽ ይመስለን ይሆናል። የዚያን ዘመን የካይሮ ሰነዶች ያጠኑ ሊቃውንት እንደሚሉት መካከለኛ ኑሮ ያለው ቤተሰብ በወር በሁለት ዲናር ገደማ ይኖር ነበር። በዓመት ሃያ አራት መሆኑ ነው። 150 ዲናር ከዚያ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። መጽሐፍ መገልበጥን ሥራችን ያሉ ብዙ ሰዎች ባሉበት ከተማ ለአንድ ሰው ቅጂ ይህን ያህል የሚከፈለው ለምን ይሆን?

ምክንያቱን መገመት አይከብድም። የዩክሊድ መጽሐፍ አሥራ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አል-መጅስጢም እንዲሁ። ሁለቱም በሥዕል፣ በፊደል በተሰየሙ መስመሮችና ማዕዘኖች፣ በቁጥር ሠንጠረዦች የተሞሉ ናቸው። ሒሳብ የማያውቅ ገልባጭ አንዷን ፊደል ያለ ቦታዋ ቢያኖር ማረጋገጫው ይፈርሳል፤ አንዷን ቁጥር ቢስት የፕላኔቷ ቦታ ይሳሳታል፤ ያሳሳተውንም አያውቅም። ኢብኑል ሀይሠም ግን የሚገለብጡት ነገር ይገባቸዋል። ገዢው የሚከፍለው ለጽሕፈቱ ብቻ ሳይሆን ለእምነቱም ጭምር ነው። ስለዚህ ዕውቀታቸው አልባከነም። በቀጥታ የሚገዛው ባይገኝም እጃቸው ውስጥ ገብቶ እጃቸውን ውድ አደረገው።

ሌላም ጥቅም ነበረው። የቀለቡ ነገር በታወቀ ሥራ ስለተዘጋ የቀረው ጊዜ የራሳቸው ነበር። ከመቶ የማያንሱ ድርሳናት እንደጻፉ ይነገርላቸዋል። ስለ መስታወት፣ ስለ ጨረቃ ብርሃን፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ቀስተ ደመና፣ የቂብላን አቅጣጫ በስሌት ስለማግኘት ጽፈዋል። ገዥ ያላዘዛቸው፣ በጀት ያልተያዘላቸው ሥራዎች ናቸው። ነቢዩላህ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር የምናውቅ ሰዎች በዚህ ልንገረም አይገባም።

የተመለሰው ክፍያ

ስለ ኢብኑል ሀይሠምና ስለ ገንዘብ አል-በይሀቂ የተባሉት የታሪክ ጸሐፊ አንድ ታሪክ አቆይተውልናል። ሱርኻብ የሚባል ከሲምናን የመጣ መኳንንት ሊማር ፈለገ። ኢብኑል ሀይሠም በወር 100 ዲናር ጠየቁት። ሰውየው ሳያመነታ ከፍሎ ሦስት ዓመት ተማረ። ተምሮ ጨርሶ ሊሄድ ሲል ሊቁ የተቀበሉትን ገንዘብ በሙሉ መለሱለት። የፈለጉት ለዕውቀት ያለውን ፍላጎት መፈተን እንጂ ገንዘቡን አልነበረም። መልካምን ለማስተማር ጉቦም ስጦታም እንደማይቀበሉ አስረዱት።

ሒሳቡን እንሥራው። የሦስት ዓመቱ ክፍያ 3,600 ዲናር ይሆናል፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ቢገለብጡ የሚያገኙት ማለት ነው። ይህ ማለት መምህር ደመወዝ አይቀበል ማለት አይደለም፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን በማስተማር የምንተዳደር እንሆናለን፤ ሐላል ነው። ነገር ግን ሪዝቁ በሌላ በር የተሟላለት ሰው ለመስጠት ምን ያህል ነፃ እንደሚሆን ታሪኩ ያሳየናል።

ኢብኑል ሀይሠም በ430 ዓመተ ሂጅራ (በ1040 እ.ኤ.አ.) ገደማ በካይሮ አረፉ፤ ረሒመሁላህ። ኪታብ አል-መናዚር ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ተነበበ፤ በ1572 እ.ኤ.አ.ም በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ታተመ። ዮሐንስ ኬፕለር ስለ እይታ ሲጽፍ የተነሣው ከእርሳቸው መንገድ ነው። ከሙስሊሞች መካከል ከማሉዲን አል-ፋሪሲ መጽሐፉን ተንትነው የቀስተ ደመናን ምሥጢር አብራሩ። ዓለም 2015 እ.ኤ.አ.ን የብርሃን ዓመት ብሎ ሲያከብር የእርሳቸውም መጽሐፍ ሺህኛ ዓመት አብሮ ታሰበ። በዓመት በ150 ዲናር የኖሩት ሰው ምስል በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢራቅ የ10,000 ዲናር ኖት ላይ ታትሞ ነበር።

ለእኛ ለተመራቂዎች

ከዚህ ሕይወት ለመጀመሪያ ሥራችን የሚሆን ምን እንይዛለን?

አንደኛ፣ የምንችለውን ለክተን እንናገር። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በግብፅ ምድር የግምጃ ቤቱን ኃላፊነት ሲጠይቁ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። ችሎታን መናገር ኩራት አይደለም፤ በቃለ መጠይቅ ላይ አንገት ደፍቶ ዝም ማለትም ተቅዋ አይደለም። ግን ዩሱፍ የተናገሩት ያላቸውን ነው። አንድ ጊዜ የከፈትነውን ሶፍትዌር በሲቪያችን ላይ እንደ ባለሙያ ብንጽፈው አስዋን ላይ ያጋጠመው ያጋጥመናል። ካጋጠመንም እንደ ሊቁ እውነቱን ተናግሮ መመለስ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዲግሪያችንን ከአንድ የእጅ ሙያ ጋር እናጋባው። ፊዚክስን ብቻ የሚገዛ ላይገኝ ይችላል፤ የሕክምና ወይም የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚጠግንና ልኬቱን የሚያስተካክል ፊዚክስ ዐዋቂ ግን ይፈለጋል። ሒሳብን ብቻ የሚቀጥር ባይኖር፣ መረጃ ሰብስቦ የሚተነትን የሒሳብ ሰው ይፈለጋል። የኬሚስትሪ ተመራቂ የውሃ ምርመራን፣ የባዮሎጂ ተመራቂ የናሙና አያያዝን በእጁ ቢለምድ ተራ የሚመስለው ሥራ በእርሱ እጅ ሌላ ይሆናል። ሳይንስን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ አጥርቶ ማስረዳት የሚችልም ብርቅ ነው። ትርፍ ሰዓታችንን አሁኑኑ፣ ግቢ ውስጥ ሳለን፣ ለአንዱ እንስጠው።

ሦስተኛ፣ ወንበሩን ከመቀበላችን በፊት ምን እንደሚያደርገን እንጠይቅ። ይህ ለእኛ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ተመራቂ ቶሎ ከሚከፈቱት በሮች አንዱ የቢራ ፋብሪካ የጥራት ላቦራቶሪ ነው፤ ለሒሳብና ለፊዚክስ ተመራቂ ደግሞ በወለድ የሚሠራ ባንክ ነው። ቤተሰብ እየጠበቀ፣ የቤት ኪራይ እየቆጠረ እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ በዚህ የተፈተኑ ወንድሞችና እህቶችንም አንንቅም። ይልቅ ብቻችንን አንወስን። ኡለማዎቻችንን እንጠይቅ፣ ኢስቲኻራ እንስገድ፣ ከወለድ ነፃ የሚሠሩትን ባንኮችና ሌሎች አማራጮች እንፈልግ። አላህ (ሱ.ወ.) ለእርሱ ብሎ የተወን ሰው ባዶ እጁን እንደማይተወው እናምናለን። ተወኩል ማለት ግን እግርን አጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ ማመልከቻውን ይዞ መሄድም የእርሱ አካል ነው።

አራተኛ፣ የመጀመሪያው ሥራ የዕውቀታችን መለኪያ አይደለም። ሱቅ የሚጠብቅ፣ ሕፃናትን የሚያስጠና፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ተመራቂ ያፈረ መስሎ አንገቱን አይድፋ። በቀን ውስጥ ከፈጅር በኋላ ወይም ከዒሻ በኋላ አንድ ሰዓት ለትምህርቱ ካስቀረ መንገዱ አልተዘጋበትም። ኢብኑል ሀይሠምን ለሺህ ዓመት ያስታወሰን የዲዋኑ ሹመት አይደለም፤ ለራሳቸው በቀራቸው ሰዓት የጻፉት ነው።

በመጨረሻም አደራ የምንለው ከእኛ ቀድመው ሥራ የያዙትን ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ሰው ሲፈልግ ለጀመዓችን አሳውቁ፤ ሲቪ የሚያዩ፣ ቃለ መጠይቅ የሚያለማምዱ ሰዎችም እንፈልጋለን። ሥራ ፈትቶ ወራት የቆየ ወንድም ወይም እህት ስትመጣ ሥራ አገኘሽ ወይ ብሎ ከመጠየቅ በፊት ደህንነቷን መጠየቅ፣ ቢቻል የትራንስፖርት መሸፈን የጀመዓ ሥራ ነው።

አላህ ለተመራቂዎቻችን ሐላል የሆነ፣ በረካ ያለው ሪዝቅ ይስጣቸው። ዕውቀታቸውን የሚጠቅም ያድርግላቸው። የቤተሰቦቻቸውንም ልፋት ይካስ። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።